ፖዝ እያደረጉ የሚከራከሩ፦ የፉቱራማ ተመልካቾች

ፉቱራማ የአሜሪካ ካርቱን ነው። ዘውጉ የሳይንስ ልቦለድ፣ ጠባዩ ደግሞ የለየለት ቀልድ ነው። በፎክስ ቴሌቪዥን የተጀመረው እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1999 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) የፈጠረው ማት ግሮኒንግ ሲሆን፣ ዋና አጋሩ ዴቪድ ኤክስ ኮኸን ነው። ፍራይ የሚባል ፒዛ አመላላሽ በ1999 የመጨረሻ ሌሊት ሰው በሚያቀዘቅዝ ማሽን ውስጥ ይወድቅና ከ1000 ዓመት በኋላ ይነቃል። ዓለሙ ተቀይሯል። ሥራው ግን ያው ዕቃ ማድረስ ነው። ባለ አንድ ዓይኗ ካፒቴን ሊላ፣ ሌባና ጠጪው ሮቦት ቤንደር እና የጃጀው ፕሮፌሰር ፋርንስወርዝ የሥራ ቤት ሰዎቹ ናቸው።

እዚህ የምናየው ግን ከታሪኩ ይልቅ ተመልካቾቹን ነው። የሌላ ተከታታይ ፊልም ወዳጅ አዲስ ክፍል ሲያይ «ወደድኩት» ወይም «አሰለቸኝ» ብሎ ያልፋል። እነዚህ መጀመሪያ ምርመራ ውስጥ ይገባሉ። ፍርዱ የሚመጣው በኋላ ነው። ሲመጣም የሚመዘነው በ20 ዓመት ትዝታ ነው።

መጀመሪያ ምርመራው

ክፍሉ ሲጀምር የፉቱራማ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከስሩ አንዲት አጭር ጽሑፍ አለች። በየክፍሉ ትቀየራለች። በመጀመሪያው ክፍል «በቀለም የቀረበ» ለማለት ያህል ነበረች፣ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን። በ2003 ፎክስ ጀርባውን በሰጠበት ሰሞን፣ በመጨረሻው ክፍል ላይ «በሌላ ጣቢያ እንገናኝ» የሚል ተጻፈ። የለመደ ተመልካች እሷን ሳያነብ ወደ ታሪኩ አይገባም።

ቀጥሎ ግድግዳው ይመረመራል። የወደፊቷ ኒውዮርክ በማስታወቂያና በግድግዳ ጽሑፍ የተሞላች ናት። ብዙዎቹ ቀልዶች ከአንድ ሰከንድ በላይ አይቆዩም። በ1999 ይህን ለማንበብ በቪዲዮ ካሴት ቀድቶ ማቆም ግድ ነበር። ጸሐፊዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ቀልዱን የሚደብቁት ለሚያቆመው ሰው ብለው ነው።

ከጽሑፎቹ አንዳንዶቹ በማይታወቅ ፊደል የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል ቀላል ነበር። አንድ ምልክት ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይቆማል። ተመልካቾች ሳይውል ሳያድር ፈቱት። ጸሐፊዎቹም እጃቸውን አልሰጡም፣ ሁለተኛ ፊደል አመጡ። ይሄኛው ጠንከር ያለ ነው። ምልክቶቹ ከ0 እስከ 25 ቁጥር አላቸው። የቃሉ የመጀመሪያ ምልክት እንዳለ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ምልክት ግን የሚነበበው ከእሱ ቀድሞ ያለው ምልክት ቁጥር ከተቀነሰለት በኋላ ነው። ከዜሮ በታች ከወረደ 26 ይጨመርበታል። ስለዚህ አንዱ ምልክት እዚህ አንድ ፊደል፣ እዚያ ሌላ ፊደል ይሆናል። ይሄም ተፈታ። ከዚህ ሁሉ ልፋት የሚገኘው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ቀልድ ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ ለምሳሌ የቬኑስ ሰዎች ወደ አገራቸው እንዲመለሱ የሚጠይቅ ጽሑፍ አለ። ቀልዱን ያገኘው ሰው ግን ስክሪንሾቱን እንደ ዋንጫ ነው የሚያሳየው።

የቁጥሮቹ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ቤንደር ከሠራችው ማሽን የበዓል ካርድ ይደርሰዋል። ካርዱ «ልጅ ቁጥር 1729» ይለዋል። ለአብዛኛው ሰው ተራ ቁጥር ነው። ሒሳብ ለሚወድ ግን 1729 የታወቀ ነው። በሁለት የተለያየ መንገድ የሁለት ኪዩቦች (ሦስት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ የተባዛ ቁጥር) ድምር ሆነው ከሚጻፉ ቁጥሮች ትንሹ ነው፦ የ1 እና የ12 ኪዩብ፣ ወይም የ9 እና የ10 ኪዩብ። ሕንዳዊው ሊቅ ራማኑጃን ለእንግሊዛዊው ሃርዲ የነገረው ይሄንን ነው። በሌላ ክፍል ቤንደር ፍሌክሶ ከሚባል መልከ ሞክሼው ጋር መለያ ቁጥር ይነጋገርና ሁለቱም በሳቅ ይፈነዳሉ። የቤንደር 2716057፣ የፍሌክሶ 3370318 ነው። ካልኩሌተር ያወጣ ተመልካች የፍሌክሶ ቁጥር የ119 ኪዩብ እጥፍ መሆኑን ያገኛል። የቤንደር ደግሞ የ952 ኪዩብ ላይ የ951 ኪዩብ ሲቀነስ የሚመጣው ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ኮኸን ፊዚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው ነው። ኬን ኪለር የተባለው ጸሐፊ ደግሞ ከሃርቫርድ በሒሳብ ዶክትሬት አለው።

ኪለር በኦገስት 2010 ለታየ አንድ ክፍል አዲስ የሒሳብ ማረጋገጫ ጽፏል። ፕሮፌሰሩ አእምሮ የሚያቀያይር ማሽን ይሠራል። ችግሩ፣ አንዴ የተቀያየሩ ሁለት ገላዎች እርስ በርስ ዳግመኛ መቀያየር አይችሉም። ታዲያ ሁሉም እንዴት ወደ ራሱ ይመለስ? የኪለር መልስ፣ የፈለገ ያህል ሰው ቢቀላቀል ያልተነኩ ሁለት ሰዎች ከተጨመሩ ይበቃል የሚል ነው።

ከትምህርት ቤት በምናውቃቸው ሰዎች እንሞክረው። በሶ የበላው አበበና ጩቤ የጨበጠው ጫላ ተቀያየሩ እንበል። በአበበ ገላ ውስጥ ጫላ፣ በጫላ ገላ ውስጥ አበበ አለ። ከበደና አልማዝ ለእርዳታ መጡ። በመጀመሪያ የአበበ ገላ ከከበደ ጋር ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ የጫላ ገላ ከአልማዝ ጋር። አሁን የአበበ አእምሮ አልማዝ ጋ፣ የጫላ አእምሮ ከበደ ጋ ነው ያለው። ሦስተኛ፣ የአበበ ገላ ከአልማዝ ገላ ጋር ሲገባ አበበ ቤቱ ገባ። አራተኛ፣ የጫላ ገላ ከከበደ ገላ ጋር ሲገባ ጫላም ገባ። ከበደና አልማዝ ተዘበራርቀው ቀሩ፤ ግን እርስ በርስ ገና አልተቀያየሩምና በአምስተኛው ዙር ያልቃል። በክፍሉ ውስጥ ማረጋገጫው በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ለአፍታ ይታያል። ተመልካቾችም አቁመው ገለበጡት፣ መረመሩት። በኋላ የሒሳብ ሰዎች አሻሽለው ጽፈውበታል።

የማይረሳ ተመልካች

ነገሩ ከሒሳብ በላይ የሚሆነው ትዝታው ላይ ነው። በ1999ኙ የመጀመሪያ ክፍል ፍራይ ወደ ማሽኑ ሲወድቅ ከጠረጴዛው ስር አንዲት ትንሽ ጥላ ትታያለች። ያየ አየ፣ ያላየ አለፈ። በኤፕሪል 2003 ጥላዋ የማን እንደሆነች ታወቀ፤ ኒብለር ነበር፣ የሊላ የቤት እንስሳ መስሎ የሚኖረው ፍጡር። ፍራይን ሆን ብሎ የጣለው እሱ ነው። ፍራይ ለምን እንደተመረጠም እዚያው ተነገረ። በ2001 በታየ ክፍል ወደ 1947 ተመልሶ በአጋጣሚ የራሱ አያት ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ የተሳቀበት ነገር አእምሮው ከማንም የተለየ የሆነበት ምክንያት ሆኖ መጣ።

ከዚያ ወዲህ «ይሄ ዝም ብሎ የገባ ነው» ብሎ የሚያልፍ ተመልካች ጠፋ። ዕቃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትንታኔ ይጻፋል። አብዛኛው ውሃ የማያነሳ ነው። ጥፋቱ ግን የጸሐፊዎቹ ነው፣ እንዲህ አድርገው ያስለመዱት እነሱ ናቸው።

አንዳንዴ ትዕግሥቱ ይከፍላል። በጃንዋሪ 2003 የታየ ክፍል ውስጥ ኪፍ የሚባለው አረንጓዴ መኮንን ይፀንሳል። ልጆቹ ረግረግ ውስጥ ይለቀቃሉ፣ እግር አብቅለው የሚመለሱት ከ20 ዓመት በኋላ ነው ይባላል። በ2023 ተከታታዩ እንደገና ሲጀምር ሁለተኛው ክፍል የእነዚያ ልጆች መመለስ ሆነ። ቀኑን ሲቆጥሩ ለኖሩት ይሄ ትልቅ ስጦታ ነበር።

ለክርክር ግን የውሻውን ታሪክ የሚያህል የለም። በኖቬምበር 2002 «ጁራሲክ ባርክ» የተባለው ክፍል ወጣ። ፍራይ የድሮ ውሻውን፣ የሲሞርን፣ ቅሪት ያገኛል። ፕሮፌሰሩ ሊያስነሳለት ይችላል። ፍራይ ግን ውሻው ከእሱ በኋላ 12 ዓመት እንደኖረ ሲሰማ «ረስቶኛል፣ የራሱን ኑሮ ኖሯል» ብሎ ይተወዋል። የመጨረሻው ትዕይንት እውነቱን ያሳያል። ሲሞር ከፒዛ ቤቱ ደጃፍ ሳይነቃነቅ ሲጠብቀው ነው የኖረው። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ዳግመኛ አላይም ይላል። በ2007 የወጣው የዲቪዲ ፊልም ግን ታሪኩን ገለበጠው። በጊዜ ጉዞ የተፈጠረ ሌላ ፍራይ ወደ 2000 ተመልሶ ከሲሞር ጋር ኖሯል ተባለ። «እፎይ፣ ውሻው ብቻውን አልነበረም» የሚሉ አሉ። «ሐዘኑን ሰረቃችሁን» የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ያ ክፍል የሚቆመው ፍራይ በመሳሳቱ ነው፣ ስህተቱ ሲነሳ ክፍሉ ይፈርሳል።

ሞቶ የሚነሳው ተከታታይ

ይህን ተመልካች እንዲህ ያደረገው አንዱ ነገር ስንብት ነው። ፎክስ በ2003 ማሳየቱን አቆመ። ድጋሚ ስርጭቱና የዲቪዲ ሽያጩ ሕይወት ዘሩበት፣ አራት የዲቪዲ ፊልሞች ተከተሉ። ከ2010 እስከ 2013 ኮሜዲ ሴንትራል አሳየው፣ ከዚያ እሱም ተወው። በሴፕቴምበር 2013 የታየው የመጨረሻ ክፍል ላይ ጊዜ ቆሞ ፍራይና ሊላ ብቻቸውን ያረጃሉ። ፕሮፌሰሩ መጥቶ ሁሉን ወደኋላ ልመልስ ሲላቸው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ለመኖር ይስማማሉ። ብዙዎች ከዚህ የተሻለ ፍጻሜ የለም ባዮች ናቸው። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 2022 «ሁሉ» የተባለው የኢንተርኔት ማሰራጫ ሊመልሰው እንደሆነ ሲነገር ደስታው ከስጋት ጋር ነበር።

ስጋቱ ወዲያው ምክንያት አገኘ። የቤንደር ድምፅ የሆነው ጆን ዲማጂዮ በውሉ ገና አልተስማማም ነበር። ሌላ ሰው በቤንደር አፍ ሊናገር ነው ተባለ። ተመልካቹ ተቆጣ፣ ጉዳዩ «ቤንደርጌት» የሚል ስም ወጣለት። በማርች ዲማጂዮ መመለሱ ተነገረና ጉዳዩ በረደ። ጫጫታው ምን ያህል እንደረዳ መለካት አይቻልም። ቤንደርን ያለዚያ ድምፅ የሚቀበል እንዳልነበረ ግን ግልጽ ሆነ።

የ2023ቱ የመጀመሪያ ክፍል ራሱ በዚህ ነገር ይቀልዳል። ፍራይ የተሠሩትን ተከታታይ ፊልሞች በሙሉ ለማየት ይነሳል፤ ማየቱን ካቆመ አእምሮው ይበላሻል። ጓደኞቹም እንዳያቆም ሲሉ አዳዲስ ክፍል እየሠሩ ያቀርቡለታል። ማሰራጫው እዚያ «ፉሉ» ይባላል።

በአዲሶቹ ክፍሎች ላይ የሚደጋገመው ቅሬታ የርዕሰ ጉዳይ ነው። በ2023 ስለ ክትባት የወጣው፣ በ2024 ስለ ዲጂታል ሥዕል ሽያጭ የወጣው ክፍል «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አስባሉ። አኒሜሽን ጊዜ ይወስዳል። ወረርሽኙ ሲጻፍ ትኩስ ነበር፣ ሲታይ ቀዝቅዟል። ተከላካዮቹም ዝም አይሉም። ፉቱራማ ሁልጊዜም የጊዜውን ወሬ ይነካል ይላሉ። በ2001 ሙዚቃ በነፃ የሚያወርዱትን ተሳለቀባቸው፣ በጁላይ 2010 ዓይን ውስጥ የሚገባ ስልክ ሠርቶ በስማርትፎን ሳቀ። እውነት ነው። ግን ስልኩ ዛሬም እጃችን ላይ ነው፣ የዲጂታል ሥዕል ገበያው ግን ቀልዱ ሳይደርስ አልፎበታል። ልዩነቱ እዚያ ጋ ይመስለኛል።

በሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ሌላ ነገር መጣ። የዓመቱ 10 ክፍሎች በ«ሁሉ» ላይ በአንድ ቀን ተለቀቁ። ከዚያ በፊት በሳምንት አንድ ነበር። በአንድ ሌሊት ጨርሶ ለሚያየው ጥሩ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ተመልካች ግን ጉዳት ነው ባይ ነኝ። ግድግዳ ለማንበብና የድሮ ክፍል መልሶ ለማየት ሳምንት ያስፈልጋል። አሁን አንዱ ስለ አሥረኛው ሲያወራ ሌላው ሁለተኛው ላይ ነው፣ ስፖይለር፣ ማለትም ያላየውን ታሪክ አስቀድሞ የሚነግረው ወሬ፣ ፈርቶ ይሸሻል።

አዲስ ገቢ ግራ የሚጋባበት አንድ ነገር ቀርቷል፣ ቁጥሩ። ፎክስ አራት ሲዝን አሠርቶ በአምስት ሲዝን ከፋፍሎ አሳየው። የዲቪዲ ፊልሞቹም እንደ አንድ ሲዝን ይቆጠራሉ። ኮሜዲ ሴንትራልም ሁለቱን ዙር አራት አደረጋቸው። ስለዚህ በ2023 የወጣው ለአንዱ 11ኛ፣ በአሠራር ቅደም ተከተል ለሚቆጥር ደግሞ 8ኛ ሲዝን ነው። የቆዩት ተመልካቾች ከጭቅጭቁ ለመዳን የስቱዲዮውን መለያ ይጠቀማሉ። የመጀመሪያው ክፍል 1ኤሲቪ01 ነው። በ8 የሚጀምር መለያ ካያችሁ ከ2023 ወይም ከ2024 የመጣ ነው።