«ለልጁ ነው?» እና ሌሎች፦ ስለ ሞዴል አውሮፕላንና ታንክ የሚባለውና እውነታው

አዳማ ውስጥ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ የሚሠራ ሰው ምሥጢር የለውም። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይመክራል። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምሠራው የፕላስቲክ ተዋጊ አውሮፕላንና ታንክ ነው። ከእውነተኛው 35፣ 48 ወይም 72 ጊዜ ያነሰው ሞዴል በሳጥን ተበታትኖ ይመጣል። እየቆረጡ፣ እየሞረዱ፣ እያጣበቁና ቀለም እየቀቡ ማቆም የባለቤቱ ፋንታ ነው።

እስካሁን የሰማሁት አስተያየት ብዙ ነው። ግማሹ ያስቃል። ግማሹን ግን እኔም አምኜበት ስለነበር ሞዴል አበላሽቶብኛል።

«ለልጁ ነው?»

ጎረቤቴ እትዬ፣ አዲስ ሳጥን ባዩ ቁጥር፣ ይጠይቁኛል። ልጅ የለኝም። ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይተው ነውና አይፈረድባቸውም። ግን ብዙዎቹ ሳጥኖች ጎናቸው ላይ «ከ14 ዓመት በላይ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ሥራው ምላጭ ይፈልጋል፣ የሚሸት ማጣበቂያ ይፈልጋል፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ቁራጭም አለው። ካለቀ በኋላም አይጫወቱበትም። አንቴናውን የእጅጌ ጫፍ ይሰብረዋል።

ታሪኩን ካነሳን ደግሞ ነገሩ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሀገሪቱን ተማሪዎች 500,000 ሞዴል አውሮፕላን ቅረጹልን ብሎ ጠየቀ። ለጨዋታ አልነበረም። አብራሪዎችና የፀረ አውሮፕላን ተኳሾች የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን በቅርጹ ብቻ እንዲለዩ ማሠልጠኛ ነበር። ምጣኔው 1/72 ነው። ሞዴሉን 10 ሜትር ላይ ብታቆመው፣ እውነተኛው 720 ሜትር ላይ ሆኖ የሚታየውን ያህል ይታያል። ልጆቹ ሠሩ፣ አዋቂዎቹ ተማሩበት።

ለምን 72? የእንግሊዞች ስድስት ጫማ 72 ኢንች ስለሆነ ነው፤ አንድ ኢንች ለስድስት ጫማ። የታንኮቹ 35 ግን እንዲህ ዓይነት ጨዋ ምክንያት እንኳ የለውም። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ ሲሠራ፣ ውስጡ ሞተርና ባትሪ እንዲገባለት ብሎ ስፋቱን ወሰነ። ኋላ ቢለካ 35ኛ እጅ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እነሆ፣ ዛሬ አብዛኛው የዓለም ታንክ ሞዴል በዚያ ባትሪ ልክ ይሠራል።

«ተሠርቶ የመጣ ነው፣ መገጣጠም ብቻ ነው»

መገጣጠሙ የሁለትና የሦስት ቀን ሥራ ነው። ቀሪው ሳምንታት የሚሄደው በሌላ ነው። የአውሮፕላኑ አካል ግራና ቀኝ ሆኖ ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል፤ ስታጣብቀው ጀርባው ላይ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ስንጥቅ ይቀራል። እውነተኛ አውሮፕላን እንዲህ ያለ ስንጥቅ የለውም። ስለዚህ ትሞላለህ፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሻለህ፣ ትሞላለህ፣ እንደገና ታሻለህ። ወረቀቱን ከመኪና ቀለም መሸጫ ነው የምገዛው። በውኃ የሚታሸውን ዓይነት በሻካራው 400 ቁጥር ጀምሬ፣ በ600 አልፌ፣ በለስላሳው 1000 እጨርሳለሁ። ለጠባብ ቦታ የሴቶች የጥፍር ሞረድ የሚያህለው የለም።

ቅደም ተከተሉም ወጥመድ አለው። የአብራሪው ክፍል አካሉ ከመዘጋቱ በፊት ተቀብቶ ማለቅ አለበት። የብዙ ጄቶች አፍንጫ ውስጥም ክብደት መግባት አለበት፣ አለበለዚያ ሲቆም በጭራው ይቀመጣል። የመጀመሪያ ኤፍ-5ቴ ቁጭ ያለ ውሻ መስሎ አንድ ዓመት መደርደሪያ ላይ ኖሯል። አሁን ከጎሚስታ ቤት ወድቆ የማገኘውን የጎማ ባላንስ ማድረጊያ እርሳስ ቆርጬ አስገባለሁ። ጎሚስታው ለምን እንደምፈልገው ስነግረው ያሳየው ፊት እስካሁን አይረሳኝም።

«ሱፐር ግሉ ካለ ሌላው ትርፍ ነው»

ይህችን በሙሉ ልቤ አምኜባት ነበር። ሱፐር ግሉ በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ወዲያው ይይዛል። ምን ጎደለው?

የጎደለው ይሄ ነው። ሞዴሎቹ የሚሠሩበት ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል። ለእሱ የተሠራው ማጣበቂያ እንደ ሙጫ መሀል ገብቶ የሚይዝ አይደለም። ሁለቱን ጠርዞች ያቀልጣቸዋል፤ የቀለጡት ተቀላቅለው ይደርቃሉ። በአጭሩ ብየዳ ነው። በደንብ የደረቀ መገጣጠሚያ ብትታገለው ብዙ ጊዜ አጠገቡ ያለው ፕላስቲክ ነው ቀድሞ የሚሰበረው። ሱፐር ግሉ ግን ላይ ላዩን ይይዛል። ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ነገር ግን ክው ያለ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ዱብ ካለ ክንፉ ቷ ብሎ ይወጣል። ለብረትና ሬዚን ለሚባለው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ቁራጭ ግን የፕላስቲኩ ማጣበቂያ አይሠራም፤ እዚያ ቦታው የሱፐር ግሉ ነው።

የከፋው መስታወቱ ላይ ነው። ሚግ-21 ሠርቼ ጨርሼ፣ የአብራሪውን መስታወት በሱፐር ግሉ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መስታወቱ ጉም ለብሷል። ጉሙ መሀል ደግሞ የራሴ የአውራ ጣት አሻራ በነጭ ተስሎ ቁጭ ብሏል፣ እያንዳንዱ መስመር ይቆጠራል። ለካ የሱፐር ግሉ ትነት ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ይነጣል፣ የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ይበረታል። ፖሊሶች ከዕቃ ላይ አሻራ የሚያወጡት በዚሁ ዘዴ ነው። እኔ ያለ ፖሊስ ተያዝኩ።

ለመስታወት የሚሆነው አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ኮላ ነው። ሲደርቅ ይጠራል፣ ትነት የለውም፣ ከተሳሳትክም በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። ጉም የለበሰውን መስታወት ደግሞ በጥርስ ሳሙና ቀስ አድርገህ ብታሸው አብዛኛው ይለቃል። ከውጪ ከሆነ ማለቴ ነው። የእኔ ከውስጥ ነበር።

«የጋራዥ ቀለም ይሻላል፣ ይጠነክራል»

ለቶዮታ በር እውነት ነው። ለስስ ፖሊስታይሪን ግን የጋራዡ ቲነር መርዝ ነው። አንድ የማውቀው ቀለም ቀቢ «አምጣው፣ በአምስት ደቂቃ እጨርስልሃለሁ» ብሎኝ አንድ አውሮፕላን ወስጄለት ነበር። ቃሉን ጠብቋል፣ በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። ክንፉ ላይ ያለው ረቂቅ መስመር ሁሉ ተበልቶ እንደ ቆሎ ገጽ ተቆራፍዶ መጣልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም እንደዚያው ነው፣ አሴቶን ያለበት ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

የሚያዋጣው በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ነው። «በውኃ ስለሚቀጥን አይጎዳም» ማለት ግን አይደለም። በመርጫ ሲበተን ሳንባ ውስጥ የሚገባው ያው የቀለም ብናኝ ነው። ጭምብል ያስፈልጋል፣ በር መከፈት አለበት።

«ኤርብራሽና ኮምፕሬሰር ከሌለህ አትጀምር»

ጀምር። ቀለሙን በአየር ግፊት የሚረጨው መሣሪያ ባይኖርህም ቡሩሽ ይበቃል። ችግሩ ሁሌም ቀለሙን ወፍራም አድርጎ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ መጣደፍ ነው። እንደ ወተት እስኪሆን አቅጥነው። የመጀመሪያው ቅብ ያስጠላል፣ ፕላስቲኩ ይታያል፣ ልብ ይሰብራል። ተወው፣ ይድረቅ። ሁለተኛውን በሌላ አቅጣጫ ቀባው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ይሞላል፣ የቡሩሹም ዱካ አይታይም።

አዳማ ላይ ግን ከመሣሪያ በላይ የሚያስቸግር ጠላት አለ፤ ንፋስና አቧራ። ሁለቱ የአዳማ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የ51ና የ153 ሜጋ ዋቶቹ፣ እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ለተርባይኑ ሲሳይ የሆነው ንፋስ እርጥብ ቀለም ላይ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። መፍትሔዬ ቀሽም ነው ግን ይሠራል። ቀብቼ እንደጨረስኩ ሳፋ እደፋበታለሁ። እትዬ አንድ ቀን ዶሮ የከደንኩ መስሏቸው ሳፋውን አነሱት።

እግረ መንገዴን፦ በውኃ ነክረህ የምትለጥፈው ምልክት፣ ዲካል የሚባለው፣ ዙሪያው ላይ ብርማ ነጸብራቅ ካወጣ ምልክቱ ተበላሽቶ አይደለም። ደብዛዛ ቀለም በአጉሊ ሲታይ ሸካራ ነው፤ ሥሩ አየር ይቀራል። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ቀባ፣ ከዚያ ለጥፍ፣ መጨረሻ ላይ በደብዛዛው ዝጋው።

«ትክክለኛው ቀለም አንድ ነው»

በዚህ ነገር ሰዎች ይጣላሉ። በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤፍ-5ና የሶማሊያ ሚግ-21 ኦጋዴን ሰማይ ላይ ተገናኝተዋል። ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያም ራሷ ሚግ-21 ታጠቀች። ሁለቱን ጎን ለጎን በ1/72 መሥራት ፈልጌ ነበር፤ እያንዳንዳቸው 20 ሳንቲሜትር ገደማ ናቸው። የኤፍ-5ቱን ቡናማ ለማግኘት ስንት ፎቶ አገላበጥኩ። አንዱ ላይ ቸኮሌት ነው፣ ሌላው ላይ የደረቀ ቅጠል።

አዳማ ለደብረ ዘይት ቅርብ ናት፤ አየር ኃይል ውስጥ በቴክኒሺያንነት የሠሩ ጡረተኛ ማግኘት አይከብድም። አንድ ጋሼን ጠየቅኳቸው፦ «ጋሼ፣ ቡናማው እንዴት ያለ ነበር?» እሳቸውም «የትኛው አውሮፕላን? በስንት ዓመቱ?» አሉኝ። ነገሩ ያለቀው እዚያ ነው። ፀሐይ ቀለም ታነጣለች፣ ጥገና ላይ ያገኙትን ይቀቡበታል፣ ፎቶ ደግሞ በፊልሙና በሰዓቱ ይለያያል። በተጨማሪ ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ብዙ ሞዴል ሠሪ ጠብታ ነጭ ይቀላቅልበታል። የፋብሪካው ቁጥር መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

«ዝገትና ጭቃ ሲበዛ እውነተኛ ይመስላል»

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ይወድቃል። ቡናማ ቀለም በእጁ ከገባ ታንኩን ከመቃብር የወጣ ያስመስለዋል። በሥራ ላይ ያለ ታንክ ግን ቀለም የተቀባ ወፍራም ብረት ነው፤ አካሉ አይበሳሳም። ቲ-55ን ውሰድ። የሚዝገው ግራ መከለያው ላይ ያለው ጭስ ማውጫና ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለቱም ቢሆን መሬት የሚነካው ፊቱ እየተፈገፈገ ብር ይመስላል።

ከሥዕል ይልቅ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ያስተምራል። ከጅቡቲ መስመር የሚገቡትን ከባድ መኪኖች እዩ። አቧራው የሚከማቸው ከጎማው ኋላና ከታች ነው፤ ሹፌሩ የሚረግጠውና የሚይዘው ቦታ ግን ተፈግፍጎ ያበራል። ያንን ታንኩ ላይ አምጣው። ለአቧራው ጠመኔ ፈጭቼ ከትንሽ ከሰል ዱቄት ጋር እቀላቅላለሁ። አሪፍ የአዳማ አመድማ አቧራ ይወጣዋል።

«ገንዘብ ላለው ነው»

ሳጥኑ ከውጭ ስለሚመጣ ርካሽ ነው አልልም። ግን አንዱ ሳጥን ሁለት ወር ያሠራል። የሚያከስረው የማይመጣ ዕቃ ማዘዝ ነው። የዘይት ቀለም፣ ቲነርና የፕላስቲክ ማጣበቂያ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም። ዘመድ ሲመጣ በውኃ የሚቀጥነውን ቀለም ብቻ አስመጡ፤ የዘመዱንም ቀን አታበላሹ።

«ጦርነት ብትወድ ነው እንጂ!»

ይሄን የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ በዚህ አገር ደግሞ የሚሉበት ምክንያት አላቸው። ብዙ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ውስጥ በወጣትነታቸው ቲ-55 የነዱ ሽማግሌ አሉ። ለረጅም ጊዜ በጠረጴዛዬ አጠገብ ዝም ብለው ያልፉ ነበር። ታንኩን ጨርሼ ያወጣሁ ቀን ቆሙ። ጎንበስ አሉ። ስለ ውጊያ ምንም አላሉም።

«ሰንሰለቱ ተወጥሯል» አሉ። «እንዲህ ሆኖ የት ይደርሳል?»

ልክ ናቸው። ቲ-55 ሰንሰለቱን ከላይ የሚደግፍ ትንንሽ ጎማ የለውም፤ ሰንሰለቱ ረገብ ብሎ በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ ይተኛል። እኔ በሳጥኑ የመጣውን የላስቲክ ሰንሰለት እንደ ሽቦ ወጥሬዋለሁ። ወንበር አመጣሁላቸው። ከፊት ያለውን ጎማ በትልቅ መፍቻ እያዞሩ ሰንሰለት ስለማጥበቅና ስለማላላት ግማሽ ሰዓት አወሩ። አጠገባቸው ሆኜ ሰንሰለቱን በጥቁር ክር ወደ ታች እየሳብኩ፣ በዚያው በሱፐር ግሉ አንድ በአንድ ጎማው ላይ አስተኛሁት።

ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በጣታቸው ከፊት በግራ በኩል ያለውን የሹፌር ክዳን ነኩ። «ይቺን ግን ክፈትልኝ» አሉ። «ሙቀቱን አትችለውም።»

ክዳኑን ከሳምንት በፊት በፕላስቲኩ ማጣበቂያ ዘግቼው ነበር። ቀልጦ አንድ ሆኗል።