አንድ ለአንድ ፖከር፦ አጨዋወትን እንደ ተጋጣሚው መለወጥ

አንድ ለአንድ ፖከር ሁለት ሰዎች ብቻ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። ብዙ ሰው የሚሳተፍበት ውድድርም ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እየወጡ በመጨረሻ ሁለት ሰው ስለሚቀር፣ አሸናፊው የሚለየው በዚሁ መልክ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እሱን ይመለከታል። እኔ በማውቃቸው የጎንደር ቤቶች ካርታ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ኮንከር ነው፤ ፖከር በስልክና በኮምፒውተር በኩል የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳው ግን ክረምት ተስማምቶታል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ፒያሳን ሲያጥባትና ከጃንተከል ዋርካ ሥር ሰው ሲጠፋ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ እሽግ ካርታና አንድ ሳህን ሽምብራ ካለ ጨዋታው ተሟላ ማለት ነው። ሽምብራው በገንዘብ ፈንታ ነው። ያለ ፈቃድ ቁማር ማጫወት በሕግ የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ ሽምብራ የተበላ ሰው እያኮረፈም ቢሆን በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል።

ሕጉ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከዚያ የሁለቱም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች መካከል ላይ ይገለጣሉ፤ በመጀመሪያ ሦስት በአንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከሰባቱ ካርታዎች የተሻለ አምስት ማውጣት የቻለ ያሸንፋል። የማስያዝ ዙር አራት ነው፦ ካርታ እንደታደለ አንድ፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ መገለጥ በኋላ። ተራው የደረሰው ሰው ወይ ያስይዛል፣ ወይ ገና ያስያዘ ከሌለ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ወይ የተያዘውን ይከተላል፣ ወይ ይጨምርበታል፣ ወይ ካርታውን ይጥላል። አንዱ ከጣለ፣ የቀረው የያዘውን ሳያሳይ ቋቱን፣ ማለትም መካከል የተከማቸውን ማስያዣ ሁሉ፣ ጠቅልሎ ይወስዳል። የጨዋታው ተንኮል ሁሉ የተቀበረው በዚህች ሕግ ውስጥ ነው።

ሁለት ሰው ሲሆን የሚለወጥ አንድ ነገር አለ። አዳዩ ትንሹን የግዴታ ማስያዣ ያወጣል፣ ተጋጣሚው ደግሞ እጥፉን። የጋራዎቹ ካርታዎች ከመገለጣቸው በፊት ቀድሞ የሚወስነው አዳዩ ነው፤ ከተገለጡ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ኋላ የሚናገረው እሱ ይሆናል። የሌላውን ሥራ አይቶ መናገር በፖከርም እንደ ሽምግልና ትልቅ ጥቅም ነው። አዳይነት በየእጁ፣ ማለትም ካርታ በታደለ ቁጥር፣ ስለሚቀያየር ጥቅሙ ለሁለቱም እኩል ይደርሳል።

ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ታጋሽ ተጫዋች አብዛኛውን ካርታውን እየጣለ ደህና እስኪመጣለት ሊጠብቅ ይችላል። ሁለት ሰው ሲሆን ይህ ትዕግሥት ያከስራል፤ የግዴታው ማስያዣ በየእጁ ከሳህኑ ይቀነሳልና። ከ52 ካርታዎች ሁለት ሁለቱን በማጣመር 1,326 የተለያዩ እጆች ይወጣሉ። ጥንድ የሚደርሰው ከ17 ጊዜ አንዴ፣ የአስ ጥንድ ደግሞ ከ221 ጊዜ አንዴ ነው። ጥንድ ያልሆነ እጅ፣ ሦስቱ ካርታዎች ሲገለጡ ጥንድ የሚያገኘው ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ባዷቸውን ናቸው። ዓይነታቸው (እንደ ልብ ያለው የካርታው ምልክት) የተለያየ ኩዊንና 7፣ ባልታወቀ እጅ ላይ ከግማሽ ጥቂት የበለጠ ዕድል አላቸው። ከሁሉ የከፋው እጅ፣ ዓይነታቸው የተለያየ 3 እና 2፣ እንኳን እስከ መጨረሻው ቢኬድበት 32 በመቶ ገደማ ያሸንፋል። ካርታው ይህን ያህል ከተቀራረበ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ነው።

ያንን ሰው ለመለየት የተለመዱት መለኪያዎች ሁለት ናቸው፦ ከሚታደለው እጅ ምን ያህሉን ይጫወታል፤ ሲጫወትስ ራሱ ያስይዛል ወይስ የሌላውን ይከተላል። ሁለቱ ሲጣመሩ አራት ዓይነት ሰው ይወጣል። ለእኔ ግን አራቱ እኩል አይደሉም፤ ብዙ ሽምብራ ያስከፈለኝ አንዱ ነውና ከእሱ ልጀምር።

እሱም ሁሉን የሚከተል ሰው ነው። የቤት አከራዬ እትዬ እንዲህ ነበሩ። ፖከሩን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያሸነፉኝ ግን እሳቸው ናቸው። ባዶ እጄን ሆኜ ሃያ ሽምብራ አስይዛለሁ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ካርታቸውን አንድ ጊዜ ያዩና «እስኪ ልየው» ብለው ሃያውን በጣታቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉታል። ሌላ ካርታ ይወጣል፤ አርባ አስይዛለሁ። «እስኪ ልየው።» በመጨረሻ ካርታው ሲገለጥ እትዬ አንዲት ደካማ የ5 ጥንድ ይዘዋል፣ እኔ ደግሞ ምንም። አጨዋወታቸውን ሞኝነት እያልኩ ስበሳጭ ሞኙ ማን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቋቱ ውስጥ 100 ካለና በባዶ እጅ 50 ባስይዝ፣ ተጋጣሚዬ ቢያንስ ከሦስት ጊዜ አንዴ ካርታውን ካልጣለ ኪሳራ ነው። 100 ባስይዝ ደግሞ ቢያንስ በግማሹ መጣል አለበት። እትዬ ከአሥር ጊዜ አንዴ እንኳ አይጥሉም። ስለዚህ በእሳቸው ላይ ማስፈራራት ድፍረት አይባልም፤ በደካማ ቁጥር ላይ በተደጋጋሚ መክፈል ነው። መድኃኒቱ አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል፦ ማስፈራራቱን ፈጽሞ መተው፣ ደህና እጅ ሲመጣ ግን ከወትሮው ከፍ አድርጎ ማስያዝ። ለሌላ ሰው አንዴ ብቻ የማስይዝበትን መካከለኛ ጥንድ፣ ለእትዬ ሁለቴና ሦስቴ አስይዝበታለሁ፤ ከእኔ በደከመ እጅ ይከተሉኛልና።

ተከታይ ሰው ያልሞላ እጅ ማሳደድም ይወዳል። ምልክታቸው አንድ ዓይነት የሆነ አራት ካርታ ይዞ አምስተኛውን ይጠብቃል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው። ሁለት ካርታ ሲቀር የሚሞላበት ዕድል 35 በመቶ ገደማ ነው፤ አንድ ብቻ ሲቀር 20 በመቶ አይሞላም። ቋቱ 100 ሆኖ 100 ከተያዘበት፣ መከተል የሚያዋጣው ዕድሉ 33 በመቶ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ካርታ ዋዜማ ዋጋውን ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ሰማይ ላይ ያለችው ላም በነፃ መታየት የለባትም። ደግሞም አንድ ምልክት አለ። ሁልጊዜ ሲከተል የኖረ ሰው አንድ ቀን በድንገት ከጨመረ፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነውና ጥንድ ይዞ መከራከር አያስፈልግም፤ መጣል ነው።

ቁጥብ ተጫዋች፣ የሚያስይዘውም ሆነ የሚከተለው፣ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ጥሩ ካርታ ካልያዘ ይጥላል፤ ስለዚህ የግዴታ ማስያዣውን በየጊዜው በትንሽ ጭማሪ መውሰድ፣ እሱ ሲመልስ ደግሞ ያለ ቅሬታ መሸሽ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ እጅ አይጎዳም። ጥቂት በጥቂት ያልቃል፤ ራሱም ዕድል የከዳው እንጂ የተበላ አይመስለውም።

ከባዱ በሁሉም የሚጨምረው ነው። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ወጣት ከዚህ ወገን ነው፤ መቀሱን እንደሚያንቀሳቅስ ፈጥኖ ያስይዛል፣ ፈጥኖም ይደርብበታል። በእሱ ላይ የሚሠሩ ስሕተቶች ሁለት ናቸው። አንዱ በእልህ አብሮ መጨመር ነው፤ ሁለተኛው ከ221 ጊዜ አንዴ የሚመጣውን የአስ ጥንድ ሲጠብቁ ሳህንን ባዶ ማድረግ። የቀሐ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ፊት ለፊት የሚሻገረው የለም፤ ዳር ቆመው ኃይሉ እስኪወጣለት ይጠብቁታል። ከኃይለኛ ተጫዋች ጋርም አጨዋወቱ እንዲሁ ነው። መካከለኛ እጅ ይዞ መከተል፣ ጠንካራ እጅ ይዞ ዝም ማለትና እሱ እንዲያስይዝ መተው። አንድ ቀን አስና 4 ይዤ ሳለ 9፣ 4 እና 2 ተገለጡ። ሦስት ጊዜ አስያዘብኝ፣ የመጨረሻው ከቋቱ የሚስተካከል ነበር። ቁጥብ ሰው እንዲህ ቢያደርግ የ4 ጥንድን ያለ ማመንታት እጥላለሁ። እሱን ግን ተከተልኩት፤ ጃክና 10 ገልጦ ሳቀ። በዚያች የ4 ጥንድ የኮራሁትን ያህል በሌላ ካርታ አልኮራሁም።

እነዚህ ስሞች ሰው ላይ የሚለጠፉት ግን ከምንፈልገው ዘግይተው ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የጨመረ ሰው ደፋር ላይሆን ይችላል፤ ካርታ ገብቶለት ይሆናል። ሠላሳ እጅ ብዙ ነገር አይናገርም። የበለጠ የሚናገሩት በመጨረሻ የሚገለጡት ካርታዎች ናቸው፤ ቀደም ብሎ ያስያዘው በምን ኖሮ ነው፣ ዝም ያለውስ ምን ይዞ ነው ብሎ ወደ ኋላ ማስላት ያስፈልጋል። የእኛው ጥንታዊ ሰንጠረዥ፣ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ለዚህ የሚሆን ውብ ሥርዓት ነበረው። መክፈቻው ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው መበላላት እስኪደርስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ዓይናቸው ግን ከራሳቸው ይልቅ በሌላው አሰላለፍ ላይ ነው። በፖከር እንዲህ ያለ የመተያያ ጊዜ በሕግ አልተሰጠም፤ ብልህ ሰው በመጀመሪያዎቹ እጆች ትንሽ ትንሽ እያስያዘ ራሱ ይፈጥረዋል።

በሌላ በኩል፣ ተጋጣሚን ጨርሶ ሳይመለከቱ ማሸነፍ ይቻላል የሚል ትምህርት አለ። ሥሩ የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ሁለት ሰው ጨዋታዎች ያቀረበው ማረጋገጫ ነው፦ አንዱ የሚያገኘው የሌላው ኪሳራ በሆነበት ጨዋታ፣ ማንም ይምጣ ማን የማያስጎዳ አጨዋወት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማስያዣው መጠን የተወሰነበትን አንድ ለአንድ ሆልደም በተግባር ፈቱት፣ ማለትም የማያስጎዳውን አጨዋወት አገኙለት ማለት ይቻላል፤ ለዚህም 4,800 የኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች ለ68 ቀናት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ደግሞ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊብራተስ፣ ወሰን በሌለው ማስያዣ፣ ፒትስበርግ ውስጥ አራት ባለሙያዎችን በ20 ቀናትና በ120,000 እጆች አሸነፈ። ከሁሉ የሚገርመኝ ሌሊቱን ያደርገው የነበረው ነው። ባለሙያዎቹ ተሰብስበው የእሱን ድክመት ሲፈልጉ ያመሹ ነበር፤ እሱ ግን የእነሱን ድክመት ከማሳደድ ይልቅ እነሱ ያገኙበትን የራሱን ቀዳዳ ሲደፍን ያድር ነበር።

ታዲያ ለምን ሰው እያዩ መለወጥ አስፈለገ? የማያስጎዳው አጨዋወት ከደካማ ተጋጣሚ ሊገኝ የሚችለውን ሁሉ አይወስድም። እትዬን በማሽኑ ስሌት ብጫወት አልከስርም፤ ማስፈራራቱን ትቼ ብጫወት ግን ብዙ አተርፋለሁ። ዋጋው ደግሞ ይኸው ነው፦ ወደ አንድ ወገን በተጠጋሁ ቁጥር የራሴን ሌላ ጎን እከፍታለሁ። ፈጽሞ የማላስፈራራ መሆኔን ያወቀ ሰው፣ ባስያዝኩ ቁጥር ካርታውን እየጣለ ያስርበኛል። ለእኔ የሚመስለኝ፣ ከመሐል ጀምሮ፣ ያየሁትን ያህል ብቻ ማዘንበል ነው፤ ሰውየው ማዘንበሌን ሲያውቅ ደግሞ ቀድሞ መመለስ። ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ የሰጠነውን ስም ለሰውየው ለዘላለም እናወርሰዋለን።

ተጋጣሚን ማንበብ የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳየው በጣም የታወቀው እጅ እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ በተደረገው የዓለም ፖከር ሻምፒዮና የታየው ነው። 839 ሰዎች ከገቡበት ውድድር ሁለት ቀሩ፦ ከቴነሲ የመጣው የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከርና የዘመኑ ስመ ጥር ባለሙያ ሳሚ ፋርሃ። መኒሜከር ኪንግና 7 ይዞ፣ ሲጠብቃቸው የነበሩት ካርታዎች ሁሉ ሳይመጡለት ቀሩ። እጁ ባዶ ነበር። ያለውን ሁሉ ገፋው። ፋርሃ ኩዊንና 9 ይዞ ነበር፤ 9 መካከል ላይ ስለተገለጠ የተሻለው እጅ የእሱ ነበር። ረጅም ጊዜ አሰበና ጣለ። ይህ ማስፈራራት የሠራው መጣል በሚችል ሰው ላይ ስለተደረገ ነው፤ እትዬ ቢሆኑ ኖሮ «እስኪ ልየው» ብለው ለዓለም ሻምፒዮንነት በተቃረቡ ነበር።

እትዬም ቢሆኑ እንደነበሩ አልቀሩም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የኪንግ ጥንድ ደርሶኝ ነበር። በመካከል አንድ አስ ወጣ። አስያዝኩ፤ ተከተሉኝ። በመጨረሻው ካርታ ግን፣ ከዚያ ቀን በፊት አድርገውት በማያውቁት ሁኔታ፣ ሳህናቸውን ከነሽምብራው ወደ መካከል ገፉት።

«እትዬ፣ አስ ይዘዋል?» አልኳቸው።

«ሽምብራህን ቁጠርና እየው» አሉኝ።

እያሳሳቀ ስለሚወስድ ውሃ የጻፍኩትን አሰብኩና ጣልኩ። እትዬ ሁለቱን ካርታዎች ሳይገልጡ ከእሽጉ ጋር ቀላቅለው መበወዝ ጀመሩ።