የሬክታንግል ስፋት ምንድን ነው? ጎኖቹስ ለምን ይባዛሉ?

"ርዝመት ሲባዛ በወርድ።" ይህችን ቀመር ብዙዎቻችን በቃላችን እንወጣታለን። ቁጥር ሲሰጠን እናባዛለን፣ መልሱም ይመጣል። "ለምን ይባዛል? ለምን አይደመርም?" ሲባል ግን ብዙ ሰው ዝም ይላል። መልሱ ቀላል ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አይረሳም።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በዕለት ተዕለት ንግግር "የበሩ ስፋት ስንት ነው?" ስንል ወርዱን መጠየቃችን ነው። በሒሳብ ግን ስፋት ማለት አንድ ጠፍጣፋ ቅርጽ የሚሸፍነው ቦታ መጠን ነው። አንድ ቃል ሁለት ነገር ስለተሸከመ ልጆች ቢደናገሩ አይፈረድባቸውም። እዚህ ጎኑን "ወርድ"፣ የተሸፈነውን ቦታ ደግሞ "ስፋት" እላለሁ።

ርዝመትን የምንለካው በርዝመት ነው፤ አንድ ሜትር ስንት ጊዜ እንደሚገባበት እንቆጥራለን። ቦታንም የምንለካው በቦታ ነው። መለኪያችን እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ ነው። የሚሸፍነውም 1 ካሬ ሜትር ይባላል።

አሁን ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ወለል አስቡ። ካሬዎቹን ከአንዱ ጥግ ጀምረን በርዝመቱ በኩል እንደርድር። አንዱ ረድፍ 5 ካሬ ይይዛል። ወርዱ 3 ሜትር ስለሆነ 3 ረድፍ ይገባል። 5 ሲደመር 5 ሲደመር 5፣ 15 ካሬ ሜትር። ይህን ተደጋጋሚ ድምር በአጭሩ ስንጽፈው 5 × 3 ይሆናል። በቃ፣ ማባዛቱ የመጣው ከዚህ ነው። ርዝመቱ በአንድ ረድፍ ስንት ካሬ እንዳለ ይነግረናል፤ ወርዱ ረድፉ ስንት እንደሆነ።

ጎኖቹ ሙሉ ቁጥር ባይሆኑስ? 2.5 ሜትር በ1.5 ሜትር እንውሰድ። 2 ሙሉ ካሬዎች ይገባሉ። በጠርዞቹ 3 ግማሽ ካሬዎች ይቀራሉ፤ እነሱ 1.5 ናቸው። ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ ሩብ ካሬ አለች፣ 0.25። ሲደመር 3.75 ነው። 2.5 × 1.5 ብናባዛም ያው 3.75 ነው። ይህን በወረቀት ላይ ሥሎ ማየት ከአሥር ጥያቄ ይበልጣል።

ስፋትና ዙሪያ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ዙሪያ ጠርዙን ተከትለን የምንሄደው ርቀት ነው። 20 ሜትር ገመድ ይዛችሁ ሬክታንግል ብትሠሩ ዙሪያው ምንጊዜም 20 ነው፤ ስፋቱ ግን ይለያያል። 9 በ1 ከሆነ 9 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። 7 በ3 ከሆነ 21፣ 5 በ5 ከሆነ ደግሞ 25። ከሁሉም የሚሰፋው ካሬው ነው።

መለኪያ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 2 ሜትር በ50 ሴንቲሜትር ሲሰጣችሁ ቸኩላችሁ 100 አትበሉ። 50 ሴንቲሜትር 0.5 ሜትር ስለሆነ መልሱ 1 ካሬ ሜትር ነው። በሴንቲሜትር ብንሠራው 200 × 50፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። አዎ፣ 1 ካሬ ሜትር 100 ሳይሆን 10,000 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ 100 ረድፍ፣ በየረድፉ 100 ካሬ። ሁለቱንም ጎን እጥፍ ስናደርግ ስፋቱ አራት እጥፍ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ቀረ፤ ማዕዘኑ። ቀመሩ የሚሠራው አራቱም ማዕዘኖች 90 ዲግሪ ሲሆኑ ነው። ከአራት ዱላ የተሠራ 5 በ3 ክፈፍ ወደ ጎን ብትገፉት ጎኖቹ አያጥሩም፣ ስፋቱ ግን ይቀንሳል። እስከ መጨረሻው ከተገፋ ዱላዎቹ ተደራርበው ይተኛሉ፣ ቦታውም ይጠፋል። ስለዚህ ወለል ወይም መሬት ስትለኩ ጎኖቹን ብቻ አትመኑ። ተቃራኒ ጎኖች እኩል መሆናቸውን ካያችሁ በኋላ፣ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከመጡ ቅርጹ ሬክታንግል ነው፤ ያኔ አባዙ።