ካቶሊክ ያልሆነ ሰው ለማግባት፦ ፈቃድ ወይስ እግድ ማስነሳት?

ካቶሊክ ካቶሊክ ያልሆነ ሰው ማግባት ይችላል? አዎ። ግራ የሚያጋባው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ሁለት ዓይነት ጋብቻ መለየቱ ነው።

እጮኛዎ የተጠመቀ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ከሆነ የሚያስፈልገው የጳጳሱ ፈቃድ ነው። ሙስሊም ወይም ሌላ ያልተጠመቀ ሰው ከሆነ ግን እግድ፣ ማለትም ጋብቻው እንዳይጸና የሚያደርግ ክልከላ፣ አለ፤ መነሳት አለበት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በካቶሊክ ቄስ ፊት ያለ ፈቃድ የተፈጸመ ጋብቻ ሕግ ቢጥስም ይጸናል። እግዱ ሳይነሳ የተፈጸመው ግን በቤተ ክርስቲያኒቱ ዓይን ከነጭራሹ ጋብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ሕግም፣ የእኛ ግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚመሩበት የ1990ው የምሥራቃውያን ሕግም በዚህ ይስማማሉ።

ጥንዶችን ይበልጥ የሚያስጨንቀው የልጆች ነገር ነው። ቃል የሚገባው ካቶሊኩ ብቻ ነው፦ እምነቱን ሊጠብቅ፣ ልጆቹ ካቶሊክ ሆነው እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ ሊያደርግ። ሌላኛው ወገን ይህን ቃል እንዲያውቅ ይደረጋል እንጂ እሱ ራሱ ቃል አይገባም። ሃይማኖትህን ቀይርም አይባልም። «አስፈርመው ልጆቼን ሊወስዱብኝ ነው» ብላ የምትሰጋ እጮኛ ካለች፣ እባካችሁ ይህን ንገሯት።

ከኦርቶዶክስ ጋር ሲሆን አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ጋብቻው በኦርቶዶክስ ቄስ ከተባረከ፣ ካቶሊኩ ሳያስፈቅድ ቢሄድም ይጸናል። በፓስተር ፊት ከሆነ ግን በካቶሊክ የጋብቻ ሥርዓት የመፈጸምን ግዴታ አስቀድሞ የሚያነሳ የቤተ ክርስቲያኒቱ ውሳኔ ከሌለ አይጸናም።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሥርዓት ስላላት የንስሐ አባትንም ማነጋገር ያስፈልጋል። ሁሉም ግን አዳራሽ ከመያዙ በፊት ይሁን።