«እህቴ ዝም በይ» ያለው እግዚአብሔር አይደለም

ወገኖች ዛሬ 2ኛ ሳሙኤል 13ን አንብቡልኝ፣ መድረክ ላይ ብዙ የማይሰበክ ምዕራፍ ነው፣ ለምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ትዕማርን አምኖን ቤት የላካት ሌላ ሰው ሳይሆን የገዛ አባቷ ንጉሥ ዳዊት ነው፣ ታመምኩ ያለውን የአባቷን ልጅ አምኖንን ልታበላ ሄዳ እዛው ፊቱ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ ጋግራ ስታቀርብለት ነው የያዛት። ወንድሜ አይሆንም አታዋርደኝ ብላ ለመነችው፣ አልሰማትም፣ ደፈራት።

ከዛ በኋላ የሆነውን እዩ። የእናቷ ልጅ አቤሴሎም እህቴ ዝም በይ፣ ወንድምሽ ነው፣ በልብሽ አትያዢው አላት። ዳዊት ሰምቶ በጣም ተቆጣ ይላል፣ በቃ ተቆጣ ብቻ፣ ልጅቷን እንዳናገራት ወይም አምኖንን እንደጠየቀው አልተጻፈም። እሷ በአቤሴሎም ቤት ብቻዋን ቀረች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው፣ ዝም ስለተባለ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው።

ይሄ የአህጉራችንም ታሪክ ነው። ዩኒሴፍ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ብቻ 79 ሚሊዮን ያህል ሴቶች 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተደፍረዋል ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፣ ከአምስቷ አንዷ ማለት ነው፣ ወንዶች ልጆችም አሉ፣ እነሱማ ጭራሽ አይናገሩም። አድራጊው ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ፣ አንዳንዴም (ያማል ግን እንበለው) የቤተክርስቲያን አገልጋይ። ከዛ ቤተሰብ ተሰብስቦ በካሳ ይጨርሰዋል፣ ባስ ሲልም ልጅቷን ለራሱ ለደፈራት ሰው ይድሯታል፣ ሞሮኮ ውስጥ እንኳ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ የደፈራትን ልጅ ያገባ ሰው ከቅጣት የሚያመልጥበት የሕግ ቀዳዳ ነበር።

እኛ ደግሞ ቸርች ውስጥ ቶሎ ብለን «ይቅር በይ፣ የእግዚአብሔር ስም እንዳይሰደብ» እንላለን። ኧረ ተው! ዘዳግም 22 ላይ እኮ የተደፈረችዋ ልጅ ለሞት የሚያበቃ ኃጢአት የለባትም፣ ነገሩ ሰው ባልንጀራው ላይ ተነስቶ እንደሚገድለው ነው ተብሎ ተጽፏል። በግድያ ላይ ሽምግልና ተቀምጠን ዝም በሉ እንላለን እንዴ?

የፓስተር ልጅ የሆነው ዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌ ኮንጎ ቡካቩ ላይ ፓንዚ ሆስፒታልን በ1999 እ.ኤ.አ. መስርቶ የተደፈሩ ሴቶችንና ሕጻናትን ሲያክም ኖሯል፣ በ2018 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል፣ ግን ማከም ብቻ አይደለም፣ ወንጀለኞቹ ይጠየቁ ብሎ በአደባባይ ይጮሃል፣ የመግደል ሙከራም ደርሶበታል። እምነት ያለው ሰው ዝም አይልም ስላችሁ እንዲህ አይነቱን ነው።

እና አንድ ልጅ ከነገረቻችሁ «እርግጠኛ ነሽ?» አትበሉ፣ «እንኳን ነገርሽኝ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት፣ ሳታጥቧት፣ ልብሷንም ሳታጥቡ ሆስፒታል ውሰዷት፣ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ስለዚህ ፓስተሩ ከጉዞ እስኪመለስ እንጠብቅ አይባልም፣ ፖሊስም ይነገረው። ሰውየው ንስሐ ገባሁ ካለ ደስ ይለናል፣ ቀራጩ ዘኬዎስም ንስሐ ሲገባ የበደለውን በአራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው፣ ይሄኛውም ሄዶ ቃሉን ለፖሊስ ይስጥ፣ ከታሰረም እየሄድን እንጠይቀዋለን፣ እንጸልይለታለን፣ የሰንበት ትምህርት ልጆች ክፍል ግን ሁለተኛ አይገባም።