የኢትዮጵያ ጥንታዊ ፍልሰት በዘረመል ሲታይ

ዘረመል ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አልፎ አልፎ ጥቃቅን ለውጥ ይገባበታል። ለውጡም ለተወላጅ ስለሚወርድ ማን ከማን እንደሚዛመድ ያሳብቃል። የሚቶኮንድሪያ (በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው አካል) ዘረመል በእናት በኩል ብቻ፣ ዋይ ክሮሞዞም (ወንድነትን የሚወስነው የዘረመል ክፍል) ደግሞ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል። ከአፍሪካ ውጭ የተስፋፋው ሕዝብ የእናት ሐረግ ኤል3 ከሚባለው ይመዘዛል፤ መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ ነው የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አለው።

ለአገራችን ትልቁ ምስክር የሞጣ ዋሻ ሰው ነው (የጎጃሟ ሞጣ አይደለችም)። እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ከድንጋይ ክምር ሥር የአንድ ጎልማሳ ወንድ አጽም ተገኘ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ሲሆን «ባይራ»፣ ማለትም በኩር፣ ተብሏል። ሙቀት ዘረመልን ቶሎ ስለሚያበላሽ ከአፍሪካ አጽም ብዙ አይጠበቅም ነበር፤ የዋሻው ቅዝቃዜና የውስጥ ጆሮን የሚያቅፈው ጠጣር አጥንት ግን አቆዩት። ውጤቱ በ2015 ሲታተም፣ ከአፍሪካ ሙሉ ዘረመሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው የእኛው ባይራ ሆነ። የደጋን ስስ አየር የሚያስችሉ ምልክቶች ነበሩት፤ ጎልማሳ ወተት እንዲፈጭ የሚያደርገው ለውጥ ግን አልነበረውም። ከዛሬዎቹ ሕዝቦች በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት አሪዎች ይቀርቡታል።

ባይራ ላይ የምዕራብ ዩሬዥያ (የመካከለኛው ምሥራቅና የአውሮፓ) ሕዝቦች ቅይጥ አለመታየቱ ቅይጡ በኋላ እንደገባ አመላካች ነው። አጥኚዎቹ ቅይጡን ወደ አፍሪካ ያመጣው ፍልሰት አፍሪካን ሁሉ አዳርሷል ብለው ነበር፤ ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ባለመጣጣማቸው የመጣ ስሕተት መሆኑ ስለታወቀ በ2016 አረሙት። የምሥራቅ አፍሪካው ድምዳሜ አልተነካም።

መቼ ገባ የሚለው ያከራክራል። በ2012 የወጣ ጥናት ቅይጡን ከ3,000 ዓመት በፊት ገደማ አድርጎታል፤ ዘመኑ ለንግሥተ ሳባ ታሪክ ስለሚቀርብ ጋዜጦች አራገቡት። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ከእርሻ በፊት የገባ የቆየ ቅይጥም አለ ይላል።

ቤተ እስራኤልን በተመለከተ፣ ዘረመላቸው በአመዛኙ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይመሳሰላል።

በአሪ ዘንድ አንጥረኞች ከገበሬው ተገልለው ይኖራሉ። ከአዳኝ ለቃሚዎች የተረፉ ሌላ ሕዝብ ናቸው የሚል ግምት ነበር። በ2015 የታተመ ጥናት ግን ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ እንደተለያዩ አሳየ፤ ልዩነቱን ያሰፋው መገለሉና እርስ በርስ ብቻ መጋባቱ ነው።