ብረት ምጣድና ብረት ድስት በአዲስ አበባ ማጀት

አዲስ አበባ ውስጥ «ብረት ምጣድ» ሲባል ሁለት ዓይነት ዕቃ ነው። አንዱ ከላሜራ ወይም ከአሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ የሚሠራው ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ጎራ ያለ ሰው መዶሻውን ከሩቅ ይሰማል። ቆሎውም ቡናውም የሚቆላው በዚህ ነው። ሌላው ብረቱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰበት ነው፤ ካስት አይረን የሚሉት። ወፍራም ነው፣ ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜ እጀታውም ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የፈሰሰ ነው። ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ስላለበት ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። የጋለውን ቀዝቃዛ ውሃ ማስነካትም ያው ነው።

ቶሎ አይግልም። አሉሚኒየም ድስት ይቀድመዋል። አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ለጥብስ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ቀጭን ምጣድ ስጋ ሲገባበት ይበርዳል፣ ስጋው ውሃ ያወጣና ይቀቀላል። ወፍራሙ ቸስ እንዳለ ይቀጥላል።

ዕቃው ሳይሟሽ ሥራ አይጀምርም። ለቀጨኔ ሸክላ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንጀራ ምጣድም በጎመን ዘር እየታሰሰ ካልተሟሸ እንጀራውን አይለቅም። ብረቱም እንዲሁ ነው፣ አሠራሩ ትንሽ ቢለይም። ታጥቦ እሳት ላይ ይደርቃል። ከዚያ ኑግ ወይም ሱፍ ዘይት በጨርቅ ይቀባል፤ ወዲያው ደግሞ ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ይጠረጋል። እስኪጨስ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። ዘይቱ በሙቀቱ ተለውጦ ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ዘይት ይብዛለት» ብለው ነው፤ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ቅቤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለጥብሱ ይቀመጥ።

ሳሙና አይንካው የሚለው ወሬ የመጣው የድሮ ሳሙና ኃይለኛ ሶዳ ስለነበረበት ነው። የዛሬው ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አይጎዳውም። የሚጎዳው ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ዕቃ መዘፍዘፍ ልማድ ነው። ደረቅ ጨውና ጨርቅ ይሻላል፤ ውሃም ይቆጥባል። ታጥቦ እሳት ላይ ካልደረቀ፣ በተለይ በክረምት፣ በማግሥቱ ዝጎ ይገኛል። መዛግ ግን መጣል አይደለም። በሽቦ ተፈትጎ እንደገና ይሟሻል።

ቲማቲምና ሎሚ ሽፋኑን ይበላሉ፤ ረጅም ሰዓት አይቀቀሉበት፣ ወጥም አይደርበት። በሌላ በኩል ከድስቱ ወደ ምግቡ የሚገባው ብረት ጥቅም አለው። በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ 407 ሕፃናትን ለ12 ወር ተከታትሏል። ምግባቸው በብረት ድስት የበሰለላቸው ልጆች፣ በአሉሚኒየም ከበሰለላቸው ይልቅ የደም ማነሳቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

የቡና መቁያ ለብቻው ይሁን። ሽንኩርት በተቁላላበት ከተቆላ፣ ጭሱ ለእንግዳ ሲዞር ጥብስ ጥብስ ይላል።